ጮቄ ላይ የያዘኝ ሳል የነቀርሳ አልነበረም

ሕመማቸውን የሚጽፉ ሰዎች ሌላው እንዲማርበት ብለው ነው የሚጽፉት። እኔም ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ይህን አንብቦ ራሱን ቢጠብቅ ደስ ይለኛል። ግን ከመጀመሪያው እውነቱን ልናገር፤ አንድ የማውቀው ሰው እንዲያነበውም ብዬ ነው የጻፍኩት። ስሙን ለውጬ ሙሉቀን እለዋለሁ። ስሙን ባያገኝም ራሱን ያገኛል።

ተወልጄ ያደግሁት ብቸና ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጅ እግር ሳለሁ እንጀራ ፍለጋ መተማ ወረድኩና ለብዙ ዓመታት እዚያው ሙቀቱ ውስጥ ስሰፋ ኖርኩ። አካባቢው ሰላም ሲያጣ የስፌት መኪናዬን ጭኜ ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ብቸና በገባሁ ሰሞን ትንሽ ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። እናቴ “ቆላ ለምደሽ ነው፤ ደጋውን ስትለምጂ ይተውሻል” አለችኝ። ልክ ነበረች።

ወንድሜ ደሳለኝ ሞጣ መምህር ነው። ሞጣ ገበያዋ የደራ ስለሆነ ለልብስ ሰፊ ትሻላለች ብሎ የሚከራይ ክፍል አገኘልኝ። ክፍሉን ልየው ብዬ ሄድኩና እሱ ቤት አረፍኩ። ሙሉቀንን ያገኘሁት እዚያ ነው። የወንድሜ ሚስት የጥሩወርቅ ታላቅ ወንድም ነው። ሥራው ሰዎችን ተራራ መምራት ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ከፈረንጆች ጋር ሠርቷል፤ ከዚያ ወዲህ በበዓል ሰሞን መምህራንንና የባንክ ሠራተኞችን ሰብስቦ፣ ድንኳንና ምግብ በበቅሎ አስጭኖ ጮቄ ጫፍ ያደርሳል። ደህና ስም ነበረው። ንግግርም ይችላል።

“ጮቄን ሳታዪ ነው የጎጃም ልጅ ነኝ የምትይው?” አለኝ እራት ላይ።

“ከቆላ ከመጣሁ ገና መቼ ሆነኝ። ገበያ ደርሼ ስመለስ እንኳ ትንፋሽ ያጥረኛል” አልኩት።

“የብቸና ልጅ ሆነሽ? ከፍታ ደምሽ ውስጥ ነው ያለው። ከፍታ የሚያመው ፈረንጅን ነው።” ከዚያም እንዲህ አለ፦ “ደግሞ ቀስ ብለን ነው የምንወጣው። የመጀመሪያውን ሌሊት ዝቅ ካለው ቦታ አድረን ሰውነታችን ይለምዳል። ከፍ የምንለው በማግሥቱ ነው።”

ይህን ያለው እሱ ራሱ ነው፤ በወንድሜ ማዕድ ላይ። ስለዚህ በኋላ “አላውቅም ነበር” ማለት አይችልም። ቃሉን አምኜ ተመዘገብኩ።

የጉዞው ቀን አርፍደን ተነሣን። መኪናው ድጓ ጽዮን አውርዶን ወደ ላይ መራመድ ስንጀምር ቀኑ ገፍቷል፤ ጉምም ወርዷል። እናድርበታለን የተባለው ቦታ ስንደርስ ሙሉቀን አንድ ድንጋይ ላይ ቆመና “እዚህ ከምናድር ዛሬውኑ ከላይ ብንሰፍር ነገ ፀሐይ ስትወጣ ከጫፉ ላይ ሆነን እናያለን” አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ሰው ሲያጨበጭብ አብሬ ሄድኩ።

የገብስ ማሳው አለቀ። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦም አለቀ። ጓሳ ሣሩና ረጃጅሙ ጅብራ ብቻ ቀረ። ራሴን አናቴ ላይ በመዶሻ የምመታ ያህል ያመኝ ጀመር። ሌሎቹ እያወሩ ይወጣሉ፤ እኔ ጥቂት እራመድና እቆማለሁ። አብራኝ የምትቆመው ዘይነባ ነበረች። ዘይነባ ሞጣ ላይ ጨርቅ ትነግዳለች፤ የልብስ ሰፊነት ወሬ አገናኝቶን መንገድ ላይ ተግባብተን ነበር። “ከንፈርሽ ጠቁሯል” አለችኝ። ብርዱ ነው አልኳት።

ከሰፈርንበት ስንደርስ የቀረበልኝን ሾርባ መቅመስ አቃተኝ፤ የጠጣሁትን ውኃም አስመለሰኝ። ሙሉቀንን ጠርቼ “እኔ ልውረድ፣ አልቻልኩም” አልኩት። የራስ ምታት ኪኒን ሰጠኝና “ይሄ የከፍታ ሰላምታ ነው። ሁሉንም አንድ ጊዜ ሰላም ይላል” ብሎ ስቆ ሄደ።

ያን ሌሊት አጠር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ረጅሙን እኔ አውቀዋለሁ። ስጋደም ይታፈነኛል፤ ስቀመጥ በመጠኑ ይሻለኛል። ደረቅ ሳል ያዘኝ። ከዚያ ደረቴ ውስጥ ሽሮ የሚንተከተክ ይመስል ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ከጎኔ የተኛችው ዘይነባ ድምፁን ከውጭ የመጣ መስሏት ተነሣች። ከእኔ መሆኑን ስታውቅ ወጥታ ሙሉቀንን አመጣችው። ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራ።

“ፍርሃት ነው። ሲነጋ ይለቃታል” አለ።

“ስማ፣ ይቺ ሴት ትሞትብሃለች” አለችው ዘይነባ።

“የአንድ ሰው ጉንፋን የሃያ ሰው ጉዞ አያበላሽም” አላት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለው። ከዚያም ሌሎቹን ቀስቅሶ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ወደ ጫፉ ይዟቸው ሄደ። ዘይነባ አልሄደችም።

ሲነጋ የምተፋው አክታ ሮዝ አረፋ ሆኖ ነበር። ዘይነባ አየችውና ወጣች። የበቅሎዎቹ ባለቤት አንድ ገበሬ ነበር፤ “መሪው ሳልመለስ አትነቃነቅ ብሎኛል” ሲላት ሰማሁ። አልተከራከረችውም። ሄዳ አንዷን በቅሎ ራሷ ፈታች። ሰውየው ወይ በቅሎዋን ሊከተል ወይ አዝኖልኝ፣ መጣና አንሥቶ በቅሎዋ ላይ አስቀመጠኝ። ዘይነባ በአንድ ጎን፣ እሱ በሌላ ጎን ደግፈው ይዘውኝ ወረዱ።

አሁን የምለውን ልብ በሉ። መድኃኒት አልተሰጠኝም፤ የወረድኩት ቁልቁለት ብቻ ነው። ግን በወረድን ቁጥር ትንፋሼ ሲመለስ ይታወቀኝ ነበር። ገብስ ማሳው ጋ ስንደርስ “ውኃ” ማለት ቻልኩ። ባልወርድ ኖሮ አልድንም ነበር። ይህን በኋላ ሐኪም ነግሮኛል፤ ሰውነቴ ግን ያን ዕለት አውቆታል።

ከድጓ ጽዮን በተገኘ መኪና ሞጣ ገብቼ አንድ ክሊኒክ ተኛሁ። አፌና አፍንጫዬ ላይ ኦክስጅን ተደረገልኝ። ዘይነባ ብርድ ልብስ ልታመጣ ቤቷ ሄደች፤ ደሳለኝ የታዘዘውን መርፌ ሊገዛ ወጣ። በዚህ መሐል ሙሉቀን መጣ። ፊቱ በፀሐይ ተልጧል፤ እኔ ያላየኋትን ፀሐይ እሱ አይቷታል። አልጋዬ ጎን ቆመ።

የሚያክመኝ ሰው “ሳሉ ከመቼ ጀምሮ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ከጭምብሉ ሥር ቃል ማውጣት አልቻልኩም። ሙሉቀን በእኔ ፈንታ መለሰ።

“ከመተማ ስትመጣ ጀምሮ ትስላለች። ሌሊት ሌሊት ያልባታል። ከስታለች። ደብቃን ነው ተራራ የወጣችው።”

ራሴን ነቀነቅሁ። ጭምብሉን ላወልቅ እጄን ሳነሣ እጄን ያዘኝ። “አይዞሽ፣ አትልፊ” አለኝ። ለሚያየው ሰው የሚያስታምም ወንድም ይመስል ነበር።

የሳንባ ራጅ ተነሣሁ፤ ራጁ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ታየ። አክታዬ ተመርምሮ ጀርሙ አልተገኘም። ግን ራጁና “ታሪኬ” ተደምረው የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። መናገር ስችል “እኔ እኮ ከዚህ በፊት አላስልም ነበር” አልኩ። “ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል፤ ማፈር አያስፈልግም” አለኝ ሐኪሙ። ክፉ ሰው አልነበረም። የተነገረውን ይዞ ነው የሠራው። እሱን አልቀየምም፤ የነገረውን ነው የምቀየመው።

የነቀርሳ መድኃኒት በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነርሷ ፊት የሚዋጥ ነው። የቆርቆሮ ጥላ ሥር አግዳሚ አለ፤ እዚያ እንደረደራለን። ከአጠገቤ የሚቀመጡት በእውነት የታመሙ ነበሩ። እኔ ደግሞ ሳሌ ከሰነበተ በኋላ ጨርሶ ጠፍቷል። “መድኃኒቱ ሠራልሽ” ይሉኛል። ምን ልበል፤ እኔም አመንኩ። ሰው ደጋግሞ ሲነግርህ የራስህን ደረት ትጠራጠራለህ።

የወንድሜ ቤት ተለወጠ። ጥሩወርቅ ኩባያዬንና ሳህኔን ለየች። ልጆቹን “አክስታችሁን አታስቸግሯት” እያለች ከእኔ ታርቃቸዋለች። ደሳለኝ እያየ ያልፋል። ዘይነባ ስትጠይቀኝ መጥታ የባሰውን ነገረችኝ። ሙሉቀን አብረውን ለወጡት ሁሉ እየደወለ “ነቀርሳ ደብቃ ነው ከእናንተ ጋር ያደረችው፤ ተመርመሩ” ብሏል። ሊያከራየኝ የነበረው ሰውዬ ክፍሉን ለሌላ ሰጠው። ምክንያቱን አልጠየቅሁትም፤ በመስኮት ነበር ያናገረኝ።

ብቸና ወደ እናቴ ተመለስኩ፤ መድኃኒቱንም እዚያው ጤና ጣቢያ መዋጥ ቀጠልኩ። እናቴ ከእኔ ኩባያ ነው የምትጠጣው። “እማዬ፣ ይጋባል እኮ” ስላት “ከአንቺ የሚጋባብኝ ከሆነ ይጋባብኝ” አለች። ስለ ሕመሜ ደግ ነገር ከጻፍኩ ያ አንዱ ነው።

ከዚያ ሁለተኛው በሽታ መጣ። ምግብ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኝ ጀመር፤ ሰውነቴን ያሳክከኛል፤ ሽንቴ ጠቆረ። አንድ ጠዋት እናቴ ዓይኔን ገልጣ አየችና ተቀመጠች። ነጩ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ጎረቤት “የወፍ በሽታ ነው፤ ሥር ቅጠል የሚያውቅ ሰው አለ” አለ። እናቴ ጠበል ይዛኝ ወጣች። ጎረቤታችን መሪጌታ፣ ቅኔ የሚያስተምሩት፣ በመንገድ አገኙን።

“ጠበሉን ጠጪ፣ ሐኪሙንም ጠይቂ። ሁለቱም የእግዜር ናቸው። ያንን ቅጠል ግን ተይው” አሉኝ።

ማንም ሳይጠራት ዘይነባ በማግሥቱ ከሞጣ መጣች። በስልክ ድምፄ ስላላማራት ነው። ዓይኔን ስታይ “ተነሺ፣ ባሕር ዳር እንሄዳለን” አለች። እናቴ ነጠላዋን ደረበች። ሦስታችን ሄድን።

ሆስፒታሉ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ወረፋ ጠበቅን። እኔ የእናቴ ጭን ላይ ተጋድሜ፣ ዘይነባ በየበሩ እየዞረች። አንዲት የማናውቃት ታማሚ ተራዋን ለቀቀችልኝ፤ እሷም ራሷ መቆም ያቃታት ነበረች። ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ ገባሁ።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። ደሜን አስመረመረች፤ ጉበቴ ክፉኛ ተጎድቷል። “የምትወስጂውን መድኃኒት በሙሉ ዛሬ አቁሚ” አለች። የነቀርሳ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ጉበት ሊጎዳ ይችላል፤ ለሚያስፈልገው ሰው ግን ሕይወት ነው፤ ይህን አንብቦ መድኃኒቱን ራሱ የሚያቆም እንዳይኖር። እኔን ያስቆመችኝ ሐኪም ናት። አዲስ ራጅ አነሣችኝና ከአሮጌው ጋር ብርሃን ላይ አስተያየችው። ሳንባዬ ጥርት ብሎ ነበር።

“ነቀርሳ እንዲህ ቶሎ አይጠራም” አለች። “ከመታመምሽ በፊት የት ነበርሽ?”

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አልነበረም።

“ጮቄ ተራራ ላይ።”

“ከዚያ በፊትስ?”

“መተማ። ብዙ ዓመት።”

ብዕሯን አስቀመጠች። ዘይነባ ከተራራው ጀምራ ያየችውን ሁሉ ነገረቻት፤ የደረቴን ድምፅ፣ ሮዙን አረፋ፣ ስንወርድ መሻሉን። ሐኪሟ ሰምታ ስትጨርስ አስረዳችን። አየሩ የሳሳበት ከፍታ ላይ በችኮላ የሚወጣ ሰው ሳንባው ውኃ ሊይዝ ይችላል። በውኃው ምክንያት ትንፋሽ ያጥራል፤ አክታው አረፋ ይሆናል። ደጋ ተወልዶ ቆላ የኖረ ሰው ሲመለስ እንደ ማንኛውም የቆላ ሰው ይይዘዋል፤ አንዳንዴም ይብስበታል። መድኃኒቱ ቶሎ መውረድና ኦክስጅን ነው። ካልወረዱ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

“ማን ነው ያወረደሽ?” አለችኝ።

ወደ ዘይነባ ጠቆምኩ። ሐኪሟ የሞጣውን ወረቀት አየች። “እዚህ ግን ለረጅም ጊዜ ታስል ነበር፣ ሌሊት ያልባታል ይላል። አንቺ ነሽ የተናገርሽው?”

“አይደለሁም” አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ የታየኝ። ተራራው ያሳመመኝ ለጥቂት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የታመምኩት ሁሉ፣ የጉበቴ፣ የኩባያዬ፣ የክፍሌ፣ የአንድ ሰው ምላስ ነው።

ጉበት ቶሎ አይመለስም። ለወራት ብቸና ተኝቼ የእናቴን አጥሚት ስጠጣ ከረምኩ። ሰዎች ያንን ጊዜ በጸሎት አለፍኩት ሲሉ እሰማለሁ። እኔም ጸልያለሁ፤ ግን አብዝቼ ያሰብኩት ሙሉቀንን ነበር። ፊቱን ውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ስደፍቀው አስባለሁ፤ “ፍርሃት ነው፣ ሲነጋ ይለቅሃል” እለዋለሁ። ሐሳቡ እንቅልፍ ያመጣልኝ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ለመርሳት አልሞከርኩም። አልጋዬ ላይ ምግብ ያስበላኝ እሱን በእግሬ ቆሜ የማየት ምኞት ነው።

የአጎቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሁሉን ሰማና “አንድ ቃል በይኝ፤ እግሩን ሰብሬ ተራራ እንዳይወጣ አደርገዋለሁ” አለኝ። ወንድ ልጅ ነው፤ ያደርገዋል።

“ተው” አልኩት። “ከደበደብከው ተበዳይ ይሆናል። እሱ ተበዳይ እንዲሆን አልፈልግም።”

ዓይኔ ነጭ ሆኖ እግሬ ሲጸና ሞጣ ሄድኩ። ዘይነባ ሱቋ ጓሮ የስፌት መኪናዬን የማስቀምጥበት ቦታ ሰጠችኝ። የሙሉቀን ተጓዦች በበዓል ሰሞን ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ይሰበሰባሉ። እነሱ ሻንጣቸውን ሲጭኑ መኪናው በር ላይ ቆምኩ።

“እናንተን ከሚወስደው ሰው ጋር ጮቄ ወጥቼ ነበር” አልኳቸው። ድምፄን አላነሣሁም። “አድረን እንወጣለን ብሎ በአንድ ቀን አወጣን። ታመምኩ ስለው ጥሎኝ ሄደ። ልሞት ስል ነቀርሳ አለባት ብሎ ዋሸብኝ። የምትሄዱ ሂዱ፤ ያልሰማ እንዳይኖር ነው።”

ሙሉቀን እየሮጠ መጣ። “ሰዎች፣ ታማሚ ናት። በሽታው ጭንቅላቷንም ነክቷታል” አለ።

“እኔንስ?” አለች ዘይነባ ከኋላዬ። ሞጣ ላይ የማያውቃት የለም፤ ሠርግ የሚደግስ ሁሉ ጨርቅ ከእሷ ነው የሚገዛው። “እኔንም ነክቶኛል? በቅሎዋን የፈታሁት እኔ ነኝ።”

አንድ መምህር ሻንጣውን አወረደ። ከዚያ አንዲት ሴት። መኪናው ጎደሎ ሄደ። በሚቀጥለው በዓልም ሄጄ ቆምኩ። በሚቀጥለውም። በኋላ መኪና መጥራቱን ተወ። ደስ አለኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ደሳለኝ ዘይነባ ሱቅ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። “ጥሩወርቅ እናቷ ቤት ሄዳለች” አለ። “ወንድሜን ለልመና የዳረገች ሴት ወንድም ቤት አልኖርም አለች። ትዳሬን ልታፈርሺው ነው።”

“ኩባያዬን ስትለይ የት ነበርክ?”

“እዚያው ነበርኩ።”

“ታዲያ?”

ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ልጆቹ እናታቸውን ናፍቀዋል። ግን “እተወዋለሁ” የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። “ሽማግሌ ይላክ። እኔ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም። የዋሸውን በራሱ አፍ፣ ሰው ፊት ይመልስ” አልኩት።

ሽማግሌዎቹ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቸና እናቴ ግቢ ተሰበሰቡ። መሪጌታ ነበሩ። ከሞጣ የዘይነባ አጎት ሐጂ መጡ፤ የሙሉቀን አባት የሚያከብሯቸው ሰው ናቸው። አብረውን ተራራ ከወጡት ጥቂቶች፣ ጎረቤቶች፣ ዘይነባ፣ ደሳለኝና ጥሩወርቅ ነበሩ። ሙሉቀን በሀገሩ ወግ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ አብረውት የገቡት አባቱ ናቸው የመረጡለት መሰለኝ። በወጉ የተበደለው ተነሥቶ ድንጋዩን ያወርድለታል፤ ይቅር ይባባላሉ።

“ባላወቅሁት ጥፋት ካስቀየምኩሽ ይቅር በይኝ” አለ ጎንበስ ብሎ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። አልተነሣሁም።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ልጄ፣ ሰሙን ሰማን። ወርቁን አውጣው” አሉት።

“ተራራው ላይ ቶሎ ማውረድ ነበረብኝ” አለ። “ጥፋት ነው።”

“እሺ። ከዚያስ?” አልኩ ከተቀመጥኩበት።

ድንጋዩ ከበደው፤ እጁን ቀያየረ። ጥሩወርቅ እያለቀሰች “እባክሽን አንሺለት” አለችኝ። ሐጂ “ልጄ፣ ስለ አላህ” አሉ። “ሐጂ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ገና ነው” አልኳቸው። መሪጌታም አልተቃወሙኝም።

ቆመ። ፀሐይ ነበር። ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲንጠባጠብ አያለሁ። ትንፋሹ ማጠር ጀመረ፤ አፉን ከፍቶ ይስባል፣ ይስባል። እኔ ያንን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። ግቢው ውስጥ ከእሱ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ አልነበረም፤ እኔም እስኪበቃኝ ሰማሁት።

“ሳል አልነበራትም” አለ በመጨረሻ። “ላብም አይቼ አላውቅም። ፈጥሬ ነው ያወራሁት።”

“ለምን?” አሉት መሪጌታ።

“ትሞታለች ብዬ ነው። ብትሞት በእኔ ተራራ እንዳይሆን፤ ይዛው በመጣችው በሽታ እንዲሆን።”

አባቱ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ጥሩወርቅ ማልቀሷን አቆመች።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። ሄጄ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አወረድኩት። ከባድ ነበር፤ ማንሣት በመቻሌ ራሴ ተገረምኩ። መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

“ይቅር ለእግዜር በይው” አሉ ሽማግሌዎቹ።

“ድንጋዩን አንሥቻለሁ” አልኩ።

ጠበቁ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። መሪጌታ አዩኝና “ለዛሬ ይበቃል” ብለው ጸሎት አደረጉ። ከዚያ ወዲህ መናኸሪያ ሄጄ አልቆምኩም፤ ሽማግሌዎቹ ከእንግዲህ ተዪው ያሉኝን አክብሬያለሁ። ጥሩወርቅ ቤቷ ተመለሰች። ቀሚስ እንድሰፋላት ጨርቅ ይዛ እኔ ጋ መጣች፤ ለካኋት። እሷ ላይ ቂም የለኝም።

ለምታነቡኝ የምለው ይህን ነው። ከቆላ የመጣችሁ፣ የደጋ ተወላጅም ብትሆኑ፣ ተራራ ስትወጡ አትቸኩሉ፤ ዝቅ ብላችሁ እደሩ። ራስ ምታትና ማስመለስ ከያዛችሁ ከዚያ በላይ አትውጡ። ተቀምጣችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ሳል ከመጣ፣ ደረታችሁ ውስጥ ድምፅ ከሰማችሁ ንጋትን አትጠብቁ፤ መሪው ቢስቅም ውረዱ። ሐኪም ጋ ስትደርሱ ከየት እንደመጣችሁ ሳትጠየቁም ተናገሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በእናንተ ምትክ መልስ የሚሰጠውን ሰው ተጠንቀቁ። መናገር ካቃታችሁ ራሳችሁን ነቅንቁ፤ እጃችሁን የሚይዘው ቢኖር አስለቅቁት።

አሁን ደህና ነኝ። ሳንባዬ ጤነኛ ነው፤ ጉበቴ ተመልሷል፤ ሞጣ ላይ የራሴ ሱቅ አለኝ። ሙሉቀን የእህል መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ወደ ሥራው የሚወስደው መንገድ በሱቄ በር ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ጠዋትና ማታ ያልፋል። ሲያልፍ ባርኔጣውን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ቀና እላለሁ፤ እግሬን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አንሥቼ፣ ከማዶው ጥግ እስኪታጠፍ ድረስ አየዋለሁ። ከዚያ ስፌቴን እቀጥላለሁ።